በችግኝ ጣቢያው የነገርኳት

ጡረታ የወጣሁት ጉልበቴ እንቢ ስላለኝ ነው። ዕድሜዬም እየደረሰ ነበር፤ ግን ጉልበቴ ባይታመም ትንሽ እቆይ ነበር ብዬ አስባለሁ። ከጦሩ ሌላ ቤት ስለማላውቅ እንጂ ጦርነት ወድጄ አይደለም።

መካነ ኢየሱስ ከተማ ስገባ ባለቤቴ ቤቱን ጨርሳ፣ ግቢውን አሳጥራ፣ ጓሮው ላይ ጌሾ ተክላ ጠበቀችኝ። እኔ በየበረሃው ስንከራተት ልጆቹን ያሳደገችውም፣ ያስተማረችውም፣ የዳረችውም እሷ ናት። እነሱም ወጥተው በየቦታቸው ስለነበሩ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የት እንደምቀመጥ እንኳ ግራ ገብቶኝ ነበር። መደቡ ላይ ስቀመጥ እዚያ ላይ ብቅል ላሰጣ ነበር ትለኛለች። ወደ ደጅ ስወጣ ደግሞ ጎረቤት ምን ይላል፣ ቤት ሳለህ ደጅ የምትቀመጠው ተጣልተን ነው ወይ ትላለች። ክፋት አልነበረባትም። ያለ እኔ መኖርን ለምዳ ነበር፤ ያንን ደግሞ ያስለመድኳት እኔ ነኝ።

አንድ ዘመዳችን ሥራ ሊፈልግልኝ ተነሣ። ከጦር የወጣ ሰው ለጥበቃ ይፈለጋል። ባንክ በር ላይ ወንበር አለ፣ የደንብ ልብስ አለ፣ መሣሪያ ይሰጡሃል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ መዋል ነው አለኝ። መሣሪያ የሌለበት ሥራ ካለ ፈልግልኝ አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። አለመቀለዴን ሲያይ ሄደና ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሶ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ችግኝ ጣቢያ ውሃ የሚያጠጣ ሰው እንደሚፈልግ ነገረኝ።

ባለቤቴ ስትሰማ ቅር አላት። "አገሩ ሁሉ ሃምሳ አለቃ እያለ የሚጠራህ ሰው ውሃ ልትቀዳ ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ጠዋት ግን ምሳዬን በትንሽ አገልግል ቋጥራ በሩ ላይ አስቀምጣልኝ ነበር።

ጣቢያው ወንዝ ዳር ነው። በጥር ማለዳ ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ ጣት ያደነዝዛል፤ ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ሲጠና ደግሞ ለችግኞቹ የተሠራው የሣር ዳስ ሥር ገብቶ መሥራት ደስ ይላል። ሥራው ቀላል ነው። አፈር ከፍግና ከአሸዋ ጋር ይደባለቃል፣ በወንፊት ይነፋል፣ በትንንሽ ጥቁር ላስቲኮች ይሞላል፣ ከዚያ በየመደቡ ይደረደራል። ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ዲከረንስ የሚሉት የፈረንጅ ግራር ይዘራበታል። እኔ ጠዋትና ማታ አጠጣለሁ፤ በመካከል ያለውን ሰዓት እዚያ ከሚሠሩት ሴቶች ጋር ተቀምጬ ላስቲክ እሞላለሁ። ኃላፊው ጨዋ ወጣት ነው፤ ሲያዘኝ እንኳ ጋሼ እያለ ነበር። የሚጮህ ሰው የለም። የሚቸኩል የለም። ችግኝ ቢጮሁበትም ከጊዜው ቀድሞ አያድግም። በዚያ የሥራ ቦታ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንደ ታመመ ሰው ነው ያሳለፍኳቸው፤ ጸጥታው ራሱ ያደክመኝ ነበር።

ላስቲክ ስሞላ አጠገቤ የምትቀመጠው ሴት በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ትበልጣለች። ከከተማው ብዙም ከማይርቅ ቀበሌ ጠዋት በእግሯ መጥታ ማታ በእግሯ ትመለሳለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አንዲት ሴት ልጅ አለቻት፤ ስማዳ ነው የተዳረችው። ከእሷ በታች ደግሞ አንድ ወንድ ልጅ። መጀመሪያ ላይ እርስዎ እያልኩ ሳናግራት አልወደደችውም፤ "እህትህ አይደለሁም ወይ፣ አንቺ በለኝ" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እታለም እላታለሁ፣ ወንድም ዓለም ትለኛለች።

ወታደር እንደነበርኩ የሰማች ቀን እጇን ከአፈሩ አወጣችና በቀሚሷ ጠርጋ ፊቴን አየችኝ። ወንድ ልጇ ጦር ውስጥ እንደሆነ የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ጥያቄው ተጀመረ። የት ነው የሚተኙት? ብርድ ልብስ ይሰጣቸዋል ወይ? ሲያማቸው ማን ያያቸዋል? ጾም ሲሆን ምን ይበላሉ? ሌሎቹ ሴቶች ይሰለቹ ነበር፤ እኔ ግን አልሰለቸኝም። ያን ያህል ዘመን ስኖር እንዴት እንደምተኛና ምን እንደምበላ አጥብቆ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እናቴ የሞተችው ገና ምልምል ሳለሁ ነው።

ነገርኳት። ኮቾሮ የሚባለው ደረቁ የጦር ዳቦ ለጥርስ ድንጋይ እንደሆነ፣ ትኩስ ሻይ ውስጥ ሲነከር ግን እንደሚጣፍጥ ነገርኳት። እሑድ እሑድ ልብሳችንን አጥበን ቁጥቋጦ ላይ ስናሰጣ በረሃው ሁሉ የሰርግ ቤት እንደሚመስል፣ ጎጃሜው ጓዳችን ፀጉራችንን ሲያስተካክል አንዱን ጎን አሳጥሮ ሌላውን እየረሳ እንደሚያስቀን፣ ለመስቀል ደመራ የሚሆን እንጨት አጥተን የጥይት ሣጥን ሰባብረን እንዳበራን ነገርኳት። አንዲት ፍየል ለፋሲካ ገዝተን ስንወዳት ጊዜ የሚያርዳት ጠፍቶ ስንሄድ ይዘናት እንደሄድን ስነግራት ከልቧ ሳቀች። ሁሉም እውነት ነው። አንዱንም አልፈጠርኩም።

ልጁ አልፎ አልፎ ይደውላል። ስልኩ ጣቢያው ውስጥ በደንብ ስለማይይዝ፣ ሲጠራ አፈር በነካው እጇ ስልኩን ይዛ ወደ ላይኛው ጉብታ ትሮጥ ነበር። አንድ ቀን ከዚያ ሆና በእጇ ጠራችኝ። ወጥቼ ስልኩን ተቀበልኳት።

ድምፁ የልጅ ድምፅ ነው። ጋሼ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ። "ኮቾሮ በሻይ ብላ እያለች አስቸገረችኝ እኮ፤ እርስዎ ነዎት አሉ ያስተማሯት" አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ፤ እሷ ነግራው ኖሯል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ጋሼ፣ ሌላውን አይንገሩብኝ።"

"አልነግርም" አልኩት።

ምን አለህ ብላ ስትጠይቀኝ ሰላም ነው፣ ሰውነቱም ደህና ነው መሰለኝ አልኳት። ደስ ብሏት ወረደች።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ከጣቢያው በላይ ባለው መንገድ ድንጋይ ጭኖ የሚያልፍ መኪና ጎማው ፈነዳ። ምን እንዳደረግኩ አላውቅም። ራሴን ያገኘሁት የወይራ ፍሬ የተዘራበት መደብ ላይ በደረቴ ተኝቼ፣ ራሴን በክንዴ ሸፍኜ ነው። ሌሎቹ ሴቶች ወንዙ ዳር ነበሩ፤ ያየችኝ እሷ ብቻ ናት። አልመጣችም፤ አልጠየቀችኝም። ቀና ስል አፈሩን እየነፋች ነበር፤ ቆይታም ሄዳ የተጨፈለቀውን መደብ በእጇ ደለደለችው። ኃላፊው ሲመለስ በመደቡ ላይ ጥጃ አለፈበት አለችው።

ከፋሲካ በኋላ ልጁ መደወል አቆመ። መጀመሪያ ላይ አልተጨነቀችም፤ እኔም ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ብዙ ነው አልኳት፤ ይህም እውነት ነው። ሰኔ ገባ፤ ችግኞቹ በሰው ሸክምና በመኪና እየተጫኑ ወደየቀበሌው ሄዱ። ክረምቱ ሲገፋ መደቡ ባዶ ቀረ፤ እኛም አረም እየነቀልን፣ አጥር እያጠበቅን ቆየን። ስለ ልጇ የምትጠይቀኝ እየቀነሰ መጣ። እኔም ሳልጠየቅ መናገር አቃተኝ። አንዳንድ ጊዜ ሥራ ላይ ሳለን በድንገት ብድግ ብላ ወደ ጉብታው ትወጣና ስልኩን ከፍ አድርጋ ትይዛለች፤ ጥቂት ቆማ ትመለሳለች። ያን ጊዜ ሁላችንም ወደ ሥራችን እናቀረቅር ነበር።

በኅዳር ወር አንድ ከሰዓት የነፍስ አባቷ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቤቴ መጡ። ባለቤቴ ወንበር ስታቀርብ ገና ፊታቸውን ሳይ ገባኝ። ወሬው ተረጋግጦ ነበር። መርዶውን በማግስቱ ማለዳ ሊነግሯት ወስነው፣ እኔ ከፊት እንድሆን ሊጠይቁኝ ነው የመጡት።

"አባ፣ እኔ ዓመቱን ሙሉ ደህና ነው እያልኩ ስነግራት የከረምኩ ሰው ነኝ። ሌላ ሰው ይፈለግ" አልኳቸው።

ቄሱ መስቀላቸውን በእጃቸው አዙረው አዩት። "እኔ ብነግራት የቄስ ነገር ይመስላታል። አንተ ብትነግራት ግን ታምናለች" አሉኝ።

ንጋት ላይ የእሷ ጎረቤት ቤት ተሰበሰብንና አብረን ሄድን። ጭጋጉ አልተነሣም። ዶሮዎቿን ልትለቅ ስትወጣ አገኘናት። ቄሱን አየች፣ ነጠላ ያዘቀዘቁትን ሴቶች አየች፤ ከዚያ ዓይኗ እኔ ላይ ቀረ። በሥራ ልብሴ እንጂ በጋቢ አይታኝ አታውቅም።

"ዛሬ ሥራ የለም ወይ?" አለችኝ።

መንገዱን ሙሉ ያሰናዳሁት ንግግር ነበር። አንዱም አልመጣልኝም። "እታለም፣ ልጅሽ አርፏል" ብቻ አልኩ።

አልጮኸችም። የዶሮውን ቆጥ በር ዘጋችው፤ ከዚያ መልሳ ከፈተችው። "ግቡ፣ ብርድ ላይ አትቁሙ" አለችን። ሴቶቹ ለቅሶውን የጀመሩት ያን ጊዜ ነው፤ እሷ እዚያው ደጃፉ ላይ መሬት ተቀመጠች።

ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ከባድ ነው። ሰው ወዴት ዞሮ እንደሚያለቅስ አያውቅም። የተማሪነት ሸሚዙንና ጋቢውን አልጋ ላይ ዘረጉለት፤ ፎቶውን አስቀመጡለት። ፊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እዚያ ነው። በስልክ የሰማሁት ድምፅ ከዚያ ፊት ጋር አልገጥም ብሎኝ ነበር፤ ከድምፁም ይልቅ ልጅ ነው። ሴት ልጇ ከስማዳ መጥታ ወንድሟን እንዳጣች እህት ሳይሆን የራሷን ልጅ እንዳጣች እናት አለቀሰች፤ ያሳደገችው እሷ ነበረች አሉ። ባለቤቴም መጥታ ነበር፤ ከሴቶቹ መካከል ሆና አንጀቷ እስኪቆረጥ ስታለቅስ አየኋት። ለእኔ ስትጠብቀው የኖረችውን መርዶ እንደምታለቅስ ልቤ ጠረጠረ፤ ግን አልጠየቅኳትም።

የአርባው ተዝካር ካለፈ በኋላ፣ አፈር መሙላት ሲጀመር ተመልሳ መጣች። ፀጉሯን ተላጭታለች። ትመጣለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። እንደ ድሮው አጠገቤ ተቀመጠች፤ ላስቲክ አነሣች፤ መሙላት ጀመረች። ለቀናት እንዲሁ ሠራን። ሌሎቹ ሴቶች ለእኛ ሲሉ ድምፃቸውን ቀንሰው ያወሩ ነበር።

አንድ ቀን ሴቶቹ ምሳ ሊበሉ ወደ ወንዙ ሲወርዱ እሷ አልተነሣችም።

"የቀረውን ንገረኝ" አለችኝ።

ስለ ልጅሽ የማውቀው የለም፣ እሱ የነበረበት ቦታ አልነበርኩም አልኳት።

"ስለ እሱ አላልኩህም። ስለ ራስህ ንገረኝ። ጎማው የፈነዳ ዕለት አይቼሃለሁ።"

ለልጇ የገባሁት ቃል እንዳለ ነገርኳት፤ ሌላውን አይንገሩብኝ እንዳለኝ። ራሷን ነቀነቀች። "የሚገጥመውን ያውቅ ኖሯል" አለች። ከዚያም፣ "ለእኔ ብሎ ነው። እንዳልፈራ። አሁን የምፈራለት የለኝም" አለችኝ።

ነገርኳት። ምሽግ ውስጥ ከጎኔ ይተኛ ስለነበረ አንድ ጓደኛዬ ነገርኳት። ጠዋት ነበር፤ ጸጥ ያለ ጠዋት። ጢሙን እየተላጨ፣ እኔ መስተዋት ይዤለት፣ ስለ ሚስቱ የሆነ ነገር እያወራኝ ሳለ ነው የተመታው። ግማሽ ጉንጩ ሳሙና እንዳለበት እጄ ላይ ወደቀ። ያን ቀን ስንት ሰው እንደፈራ፣ እኔም እንደፈራሁ፣ ትልልቅ ወንዶች እንዴት እንደሚያለቅሱ ነገርኳት። ማታ ኮቾሮውን ሻይ ውስጥ ነክሬ ሳልቀምሰው እንዳደርኩ ነገርኳት። ላስቲክ መሙላቷን አላቆመችም፤ እኔም እጄን አላቆምኩም። ባቆም ኖሮ የምጨርሰው አይመስለኝም።

"ማን ቀበረው?" አለችኝ።

"እኛው።"

"ፍትሐትስ?"

ቄስ አልነበረንም። እኔ ግን ልጅ ሳለሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም፣ የኔታ ዘንድ ጥቂት ዓመት ዳዊት ደግሜ ነበር። ያንን ስለሚያውቁ ጓዶቹ ወደ እኔ ዞሩ። የማስታውሰውን ሁሉ አልኩለት፤ የረሳሁትን ዘለልኩት፤ አንዱን መዝሙር ከሌላው ጋር ሳልደባልቀው አልቀረሁም። መጨረሻ ላይ አቡነ ዘበሰማያት ስደርስ ሁሉም አብሮኝ አለ። ከዚያ ወዲህም በሌላ ጊዜ፣ በሌሎች ላይ እንዲሁ እንዳደረግኩ ነገርኳት።

ሥራዋን አቆመች። "በልጄስ ላይ እንዳንተ ያለ ሰው ኖሮ ይሆን?"

አዎ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በየጦሩ የቄስ ትምህርት የቀመሰ ሰው አይጠፋም፣ በተለይ የእኛ አገር ልጅ ልላት ነበር። ፊቷን ሳይ ግን አልቻልኩም።

"አላውቅም፣ እታለም። ይኖራል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ እንጂ አላየሁም።"

የያዘችውን ላስቲክ አስቀመጠችና፣ "አላውቅም ማለትህ ደግ ነው። ሰው ሁሉ የማያውቀውን ነው የሚነግረኝ" አለችኝ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። በለቅሶው ቀን ያላለቀሰችውን ያን ጊዜ ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች። ሴቶቹ ሲመለሱ ገና አላበቃችም ነበር።

ሰው የልቡን ሲያወራ ይቀለዋል ይላሉ። እኔ አልቀለለኝም። ያን ሳምንት ምግብ አልበላ አለኝ፤ ውሃ ማጠጫውን ይዤ መደቡ መካከል ቆሜ የት እንዳቆምኩ እረሳ ነበር። ባለቤቴ ደጋግማ ስትጠይቀኝ ለዚያች ሴት የሆነውን ሁሉ እንደነገርኳት አወጣሁላት። ጓደኛዬንም በስሙ ጠራሁት። ባለቤቴ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች።

"ስሙን አውቀዋለሁ። በእንቅልፍህ ትጠራዋለህ" አለችኝ። ትንሽ ቆይታም፣ "እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ እስክትነግረኝ ጠብቄ፣ መጀመሪያ የሰማው ሌላ ሰው ሆነ" አለች። ለቀናት ከአስፈላጊው በላይ አልተነጋገርንም። ምሳዬን ግን ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ አገኘው ነበር።

በመጋቢት የሴትዮዋ ልጅ ከስማዳ መጥታ እናቷን ወሰደቻት። ብቻዋን መኖር አልቻለችም። መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጠች፣ ዶሮዎቿን ለጎረቤት ተወች። መናኸሪያው ድረስ ሸኘኋት። አውቶቡሱ ላይ ስትወጣ ዞር ብላ ጉልበትህን አታስቆጣው፣ ባልዲውን እየሞላህ አትሸከም አለችኝ። ስለ ሌላ ነገር አላወራንም።

ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ልጠይቃት ሄድኩ። እስከ ስማዳ ከተማ እስከ ወገዳ በመኪና፣ ከዚያ ደግሞ በእግር ነው፤ መንገዱ ለጤነኛም ይከብዳል። አልጋ ላይ አገኘኋት። ከስታ፣ ያ አፈር ይዝቅ የነበረው እጇ ቀጥኖ ነበር። ሐኪም ምንም አላገኘሁባትም አለ፣ ጠበልም ወሰድናት አለች ልጇ በሩ ላይ ቀስ ብላ። አወቀችኝ፤ ፈገግ አለች። ዘንድሮ ምን እንደተዘራ ጠየቀችኝ፤ ኮሶው እንዳልበቀለ፣ ወይራው ግን እንደቀናው ነገርኳት። ስለ ልጁ አላነሣችም። እኔም አላነሣሁም። ገብስ ቆሎ አቀረቡልኝ፤ ከእሷ ጋር ሆኜ ቆረጠምኩ። ስነሣ እጄን ይዛ ብዙ ቆየችና መንገዱ ሳይመሽብህ ሂድ አለችኝ።

በማግስቱ ቤቴ ስደርስ ጉልበቴ አብጦ ነበር። ባለቤቴ ውሃ በጨው አሙቃ በገበቴ አቀረበችልኝና አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እንዴት አገኘሃት አለችኝ። ከመንገዱ ጀምሬ፣ ስለ አልጋው፣ ስለ እጇ፣ ልጇ በሩ ላይ ስላለችኝ ሁሉንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ውሃው እስኪበርድ ሰማችኝ። ከዚያ በለቅሶው ዕለት ብቻ ላወቀቻት ለዚያች ሴት፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች አለቀሰችላት።